የብሩ ዋጋና የዘመዶቻችን እንጀራ

(ስለ ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ማሻሻያና ስለ ወደፊት ተስፋው፣ በማትናስ አዳራሽ ለተሰበሰቡ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ይህን ስብሰባ ስንጠራ አንዳንድ ሰዎች «ስለ ኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ማውራት ለእኛ ምን ይረባናል? ያንን አገር ትተን ከመጣን ስንት ዓመታችን! የዚህ አገር ችግራችን፣ የማሽካንታው ዕዳ፣ የልጆቹ ትምህርት መች አነሰንና?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን አጭር ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ሰው እጁን ያውጣ ብንል የሚወጣው እጅ ጥቂት ነው። የብዙዎቻችን እናት፣ ወንድም ወይም የእኅት ልጅ እዚያ ሆኖ ተራውን ሲጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። በየወሩ ከደመወዛችን ቀንሰን የምንልከው ገንዘብ አለ። ያ ገንዘብ እዚያ ሲደርስ ስንት ብር እንደሚሆን፣ ያም ብር ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚገዛ የሚወስነው ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ነው።

እኛ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አይደለንም፤ የማንም የፖለቲካ ድርጅት ወኪሎችም አይደለንም። የመጣነው ለማሞገስም ለመውቀስም ሳይሆን፣ የምናውቀውን በምንረዳው ቋንቋ ለመካፈል ነው።

ከመሬት እንጀምር

ስለ ኢትዮጵያ ማሻሻያ የሚናገር ሰው ከመሬት ካልጀመረ ነገሩን ከመካከል ይይዘዋል። እኛ ቤተ እስራኤሎች ይህን ከማንም ይበልጥ እናውቃለን። አባቶቻችን ርስት አልነበራቸውም። ከአፄ ይስሐቅ ዘመን ጀምሮ ርስታቸውን እንደተነጠቁ ሲወርድ ሲዋረድ ሰምተናል። ስለዚህ የሰው መሬት እያረሱ ለባለርስቱ ከፍለው፣ በትርፉ ሰዓት ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ሸማ ሸምነው ኖሩ። ማረሻውን የሚሠራው እሱ፣ በማረሻው የሚታረሰው መሬት ግን የሌላ ሰው ነበር። የእጁ ሥራ በገበያ ይፈለጋል፤ እሱ ራሱ ግን «ቡዳ» እየተባለ ይሸሻል።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ አወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ማንም ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ብዙ አባቶቻችን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ስም መሬት ተመደበላቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ልንክደው አይገባም። ነገር ግን የቀድሞዎቹ ባለርስቶች በየቦታው ተቃወሙ፤ በአንዳንድ አካባቢም ቁጣው በእኛ ላይ ወረደ። በወረቀት የተሰጠ መብት፣ ጎረቤት ካልተቀበለውና ሕግ ካላስከበረው፣ ግማሽ መብት መሆኑን ያን ጊዜ ተማርን።

ቀጥሎም የሆነውን ታስታውሳላችሁ። መሬቱን የሰጠው መንግሥት እህሉን ፈለገው። ገበሬው ኮታ ተጣለበት፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ ተገደደ፤ እህል ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እንዳያልፍ ኬላ ተዘረጋ። ባንኩም፣ ፋብሪካውም፣ የከተማው ትርፍ ቤትም በ1975 ተወርሶ ነበር። ገበሬው ብዙ ቢያመርት የሚጠቀመው ስላልነበረ የሚበቃውን ያህል ብቻ አመረተ። ድርቅና ጦርነት ሲጨመሩበት የ1984 እና የ1985 እልቂት መጣ። ከመካከላችን በሱዳን በረሃ ያለፉት ያንን ዘመን ከመጽሐፍ አይማሩትም።

በደርግ ዘመን ሁሉ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሕግ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ዘመቻ ሰሎሞን በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ወገኖቻችንን በአንድ ቀን ተኩል ሲያመጣ፣ እነዚያ ሰዎች በኪሳቸው የያዙት ብር በዚህ ተመን የሚቆጠር ነበር። አዲሱ መንግሥት በጥቅምት 1992 ብሩን ወደ 5 ብር ዝቅ አደረገው። ኬላዎች ተነሡ፤ የግል ባንክ ተፈቀደ፤ መሬት ግን በ1995ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቀረ፤ አይሸጥም አይለወጥም።

ዕድገቱና ዕዳው

ከ2004 ወዲህ ባሉት ዓመታት ኢትዮጵያ በአፍሪካ ፈጥነው ካደጉት አገሮች አንዷ ሆነች። በመንግሥት ስታትስቲክስ መሠረት ዕድገቱ በዓመት ወደ 10 በመቶ ይጠጋ ነበር። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ኮንዶሚኒየም ተሠራ። ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የባቡር መስመር በ2016 ተመረቀ። በአገሪቱ መለኪያ ከድህነት መስመር በታች የነበረው ሕዝብ በ1996 ከመቶ 45 ያህል ሲሆን፣ በ2016 ወደ 23 ወይም 24 ወረደ። ለመጎብኘት የሄዱ ሰዎቻችን ጎንደርን አላወቅናትም ብለው የተመለሱት በከንቱ አልነበረም።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? ይህ ሁሉ የተሠራው በአብዛኛው በመንግሥት እጅ፣ በብድር ነበር። ከውጭ የተበደሩት በዶላር ይከፈላል፤ ዶላር ግን የሚገኘው ቡና፣ አበባ፣ ሰሊጥ፣ ወርቅ በመሸጥ፣ እንዲሁም እናንተ ከምትልኩት ነው። ወደ ውጭ የሚሸጠው ከሚገዛው እጅግ ያንሳል። አንድ ቤተሰብ በወር 5,000 ሰቅል እያገኘ 10,000 ቢያወጣ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አንነግራችሁም።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። በኅዳር 2020 በትግራይ የተነሣው ጦርነት በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ ቁጥሩ የማይታወቅ ሕዝብ ፈጀ። አሜሪካ ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ንግድ አስወጣቻት፤ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ልብስ ይሰፉ ከነበሩት ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ ሥራ አጡ። የዋጋ ንረቱ በ2022 ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። በታኅሣሥ 2023 መንግሥት የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ወለድ የሆነውን 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፍል ቀረ። በዓለም ገበያ ቋንቋ ይህ ማለት ዕዳውን ያልከፈለ አገር ተባለ ማለት ነው።

የሐምሌው ውሳኔ

በዚያን ጊዜ ብሩ ሁለት ዋጋ ነበረው። ባንክ ቤት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ግን ያንን እጥፍ ያህል። ከዚህ ተነሥቶ የተላከ 100 ዶላር በባንክ ቢገባ እናታችን 5,700 ብር ታገኛለች፤ በሰው እጅ ቢሄድ ከ11,000 በላይ። ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ስለዚህ ዶላሩ ከባንክ ሸሸ። ወርቅ አውጪውም ወርቁን በድብቅ ወደ ጎረቤት አገር ወሰደው። ባንክ ውስጥ ዶላር ስለሌለ የመድኃኒት አስመጪው ወር በሙሉ ይጠብቃል፤ ዘመድ ያለው ግን በርካሽ ዶላር ወስዶ ዕቃውን በውድ ይሸጣል። ርካሹ ዶላር ለድሃው ተብሎ ነበር፤ የጠቀመው ግን ለባለዘመድ ነው።

በሐምሌ 29 ቀን 2024፣ በኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ብሔራዊ ባንክ የብሩን ዋጋ ገበያ እንዲወስነው አደረገ። በዚያው ቀን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚሰጥ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፤ የዓለም ባንክም 1.5 ቢሊዮን ዶላር በእርዳታና በብድር ጨመረ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በ2025 መጨረሻም ከ140 በላይ ነበር። መንግሥት ለበጀቱ ጉድለት ብር እያሳተመ መበደሩን ለመግታት ቃል ገባ፤ የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ቀነሰ። በታኅሣሥ 2024 የወጣው ሕግ ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ፤ በጥር 2025 የአክሲዮን ገበያ ተጀመረ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር 8.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ዕዳ በሌላ የአከፋፈል ውል እንዲሸጋሸግ በመርህ ተስማሙ።

ውጤቱስ? በአንድ በኩል፣ ወርቁ ወደ ብሔራዊ ባንክ ተመለሰ፤ የቡና ሽያጭ በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ የዋጋ ንረቱም በ2025 ከቀድሞው ከግማሽ በታች ወረደ። በሌላ በኩል፣ ንረት ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ብቻ ነው። ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ የታክሲው ሂሳብ ከፍ ባለበት ቀርቷል። ማዳበሪያ ከውጭ ስለሚመጣ የብሩ መውደቅ እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ ይዘልቃል። ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በ2024ም በ2025ም ተጨምሯል፤ ለቀን ሠራተኛው፣ በሰው ቤት ለምትሠራው፣ ጡረታ ለሌላቸው ሽማግሌ ግን የሚጨምርላቸው ማነው?

ይህን መንገድ እኛም አይተነዋል

ወገኖቻችን፣ ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በዘመቻ ሙሴ፣ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ የገባችሁ አስታውሱ። የዚያን ዓመት የእስራኤል የዋጋ ንረት 445 በመቶ ነበር። በየሱቁ ዋጋ በየቀኑ ይለወጥ ነበር። እኛ ገና ዕብራይስጡን ሳንለይ፣ የብሩን ኖት ቀለም እንኳ ሳናጠና፣ በመስከረም 1985 አዲስ ሰቅል ወጣ። ሦስት ዜሮ ተቆረጠና ትናንት አንድ ሺህ የተባለው ዛሬ አንድ ሆነ። ብዙ ሰው የተታለልን መስሎት ደንግጦ ነበር።

ያን ጊዜ በሺሞን ፔሬስ የሚመራው የአንድነት መንግሥት በሐምሌ 1985 ያወጣው ዕቅድ ዛሬ ኢትዮጵያ ከያዘችው ጋር በብዙ ነገር ይመሳሰላል። የገንዘቡን ዋጋ ዝቅ አደረገ፤ ድጎማ ቀነሰ፤ የመንግሥት ወጪ ቆረጠ፤ ማዕከላዊው ባንክ ለመንግሥት ብር እንዳያትም በሕግ ከለከለ። በ1986 ንረቱ ወደ 20 በመቶ ወረደ። ዛሬ በዓለም ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚጠቀስ ስኬት ነው።

ነገር ግን ሁለት ልዩነቶች አሉ፤ እነሱን የማያይ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው፣ ሸክሙ በስምምነት ተከፋፍሎ ነበር። የሠራተኞቹ ማኅበር ሂስታድሩትና አሠሪዎቹ ከመንግሥት ጋር አንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ደመወዝ ቢሸረሸርም ቶሴፌት ዮከር የሚባል የኑሮ ውድነት ጭማሪ ነበር፤ ከሥራ የወጣ ሰው ብቱአህ ሌኡሚ ነበረው። ሁለተኛው፣ አሜሪካ በስጦታ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ጨመረች፤ ያን ጊዜ የእስራኤል ሕዝብ ከ4 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም ነበር። ኢትዮጵያ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ ከሚሰጣትም ብዙው ብድር ነው። ለአንድ ሰው ብናካፍለው ምን ያህል እንደሚደርስ ልጆቻችሁ ማታ ያስሉላችሁ።

በዚህም አገር ቢሆን ማሻሻያው ለሁሉም እኩል አልሆነም። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ እስከ 1989 ሥራ አጥነቱ ወደ 9 በመቶ ወጣ። የበለጠ የተጎዱት ከማዕከሉ የራቁት የልማት ከተሞች ነበሩ፤ ከእኛም ብዙዎቹ የተሰፈሩት እዚያው ነው። ስለዚህ «አገሪቱ ዳነች» ሲባል «የትኛው ሰፈርስ?» ብሎ መጠየቅን ከራሳችን ኑሮ ተምረናል። ያንኑ ጥያቄ ዛሬ ለኢትዮጵያ እንጠይቃለን።

የወደፊቱ ተስፋ በምን ላይ ይቆማል?

በእኛ አስተያየት በአራት ነገሮች ላይ ነው።

አንደኛው ሰላም ነው። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ ጎንደርና ባሕር ዳር የነበሩ ከ200 በላይ እስራኤላውያንና ተጠባባቂ ወገኖች በአስቸኳይ ወጥተዋል። የቀሩት ግን ቀርተዋል። መንገድ ሲዘጋ የብሩ ዋጋ ገበያ ይወስነው አይወስነው ልዩነት የለውም፤ ሰሊጡ ከሁመራ፣ ጤፉ ከጎጃም ካልወጣ ገበያው ራሱ የለም። ያለ ሰላም የሚደረግ ማሻሻያ በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መስፈር ነው።

ሁለተኛው ገበሬው ነው። ከሕዝቡ አብዛኛው ዛሬም በገጠር ነው የሚኖረው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጥቷል፤ በደብተሩም ላይ የሚስትና የባል ስም አብሮ ይጻፋል። በ2024 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር መንገድ ከፍቷል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን አደጋም አለው። አዝመራው ሲበላሽ ዕዳ የሚያስለቅቀው ገበሬ እንዳይኖር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መሬት ማጣት ምን እንደሆነ አባቶቻችን ያውቁታል።

ሦስተኛው ኃይል ነው። በሚያዝያ 2011 የተጀመረው የዓባይ ግድብ በመስከረም 9 ቀን 2025 ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ብዙው ገንዘብ ከአገር ውስጥ የተገኘ ነው፤ አስተማሪውና ወታደሩ ከደመወዙ ቦንድ ገዝቷል። ሆኖም ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የለውም። ግድቡ ለፋብሪካና ለገጠር ቤት መስመር ሲዘረጋለት ነው ሙሉ ፍሬው የሚታየው።

አራተኛው ወጣቱ ነው። በየዓመቱ ከሁለት ሚሊዮን የማያንሱ ወጣቶች ወደ ሥራ ዓለም ይገባሉ። ሥራ ያላገኘው ወደ ሳውዲ፣ ወደ ሊቢያ ይሄዳል፤ ወይም መሣሪያ ያነሣል። ማሻሻያው የሚመዘነው በአክሲዮን ገበያ ደወል አይደለም፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አገሩ ላይ መቆየትን በመምረጡ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ባለፈው ጊዜ አንዲት እናታችን መጥተው እንዲህ አሉን። «ለወንድሜ እንደ ድሮው እልካለሁ። በብር ሲቆጠር እጥፍ ሆኗል ይሉኛል። እሱ ግን አልበቃኝም ይላል። ልጆቼ ደግሞ ያታልልሻል ይሉኛል። ማንን ልመን?» እኛም፣ እማማ፣ ሁለቱም እውነት ነው አልናቸው። ብሩ በዝቷል፤ የሚገዛው ግን በዚያው ልክ አልበዛም። በብር እየቆጠርን ከዘመድ ጋር አንጣላ። የቤት ኪራዩን፣ የጤፉን፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ጠይቀን በዚያ እንመዝን። እኛም ያለንን ሳንደብቅ እንንገራቸው፤ እዚህ ገንዘብ ከዛፍ እንደማይለቀም ይወቁ።

ሁለተኛ ነገር፤ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት ጨርሶ ባይጠፋም በጣም ጠብቧል። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ መላክ ከቀድሞው ያነሰ ያስከፍላል፤ ገንዘቡ ቢጠፋም የሚጠየቅ አለ። ከመላካችሁ በፊት ግን የአገልግሎት ክፍያውንና የሚሰጡትን ተመን በሁለት በሦስት ቦታ አወዳድሩ። በወረቀት ላይ ክፍያ የለም እያሉ በተመኑ ላይ የሚቆርጡ አሉ።

ሦስተኛ፤ በ2025 የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ ቤት እንዲገዙ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቷል፤ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በመታወቂያ ካርዳቸው አንዳንድ መብት አላቸው። ይህን ተከትሎ «አሁን ካልገዛችሁ አመለጣችሁ» የሚሉ ደላሎች በስልክ እየደወሉ ነው። ወገኖቻችን፣ ያላያችሁትን ቤት በፎቶግራፍ አትግዙ። የጡረታ ገንዘባችሁን ወይም በማሽካንታ ላይ የተበደራችሁትን አትላኩ። ጠበቃ ሳይመለከተው አትፈርሙ። ለማትረፍ የሚሄድ ወጣት ካለ ይሂድ፣ እናበረታታዋለን፤ ግን ቢከስር ሊቋቋመው በሚችለው ገንዘብ ይሁን።

አራተኛና የመጨረሻው ይህ ነው። ጎንደርና አዲስ አበባ የሚጠብቁት ቤተሰቦች ከሁሉም የበለጠ ይጎዳሉ። ብዙዎቹ ተራችን ደረሰ ብለው ቀያቸውን ትተው ከተማ ገብተዋል። የሚያርሱት መሬት የላቸውም፤ ቋሚ ሥራም የላቸውም፤ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ። ለእነሱ ማሻሻያው ወጪውን አምጥቷል፤ ትርፉን አላደረሰም። ስለዚህ በዚህ አገር ባለሥልጣን ፊት ስንቆም «ይጠብቁ» የሚለው ቃል በየወሩ ስንት እንደሚያስከፍል በቁጥር እናስረዳ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት ስንት እንደላከ ጽፎ ያምጣልን። ሰብስበን እናቀርበዋለን። በእንባ ብቻ ያልሰሙን በሂሳብ ይሰሙን ይሆናል።

ወገኖቻችን፣ ኢትዮጵያ ትለወጣለች ወይስ አትለወጥም ብሎ መተንበይ የእኛ ሥራ አይደለም። ያ አገር ብዙ ጊዜ ተስፋ ሰጥቶ ብዙ ጊዜ አሳዝኖናል። ሕዝቡ ግን ታታሪ ነው፤ መሬቱም ለም ነው፤ ወንዙም ዛሬ መብራት ይሰጣል። የተቀጠቀጠው ማረሻ ለቀጥቃጩም ልጅ እንጀራ የሚያበላበት ቀን እንዲመጣ እንመኛለን። እስከዚያ ድረስ ግን የዘመዶቻችን ምሳና እራት በከፊል በእኛ እጅ ላይ ነውና፣ ስንልክ አውቀን እንላክ፤ ስንጠይቅ አብረን እንጠይቅ።

አሁን ጊዜው የጥያቄ ነው። መጀመሪያ እናቶች ይናገሩ።